ጉልበት በእርግጥ «ያልቃል»? ስለ መገጣጠሚያ ሕመም ማወቅ የሚገባን

አክስቴ የሚኖሩት ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው የደረጃውን ብረት እንደያዙ ቀሩ። ቀኝ ጉልበታቸው አልታዘዝ አለ። ራጅ ተነሡ። ራጁን ያየው ባለሙያም «እማማ፣ ጉልበትዎ አልቋል፤ ከእንግዲህ ብዙ አይንቀሳቀሱ» አላቸው።

አመኑት፤ ቤት ዋሉ። ልጆቻቸውም ከማዘናቸው ብዛት የውሃ ጆግ እንኳን እንዳያነሡ ከለከሏቸው። ስድስት ወር ሳይሞላ ክብደታቸው ጨመረ፣ ጭናቸው ሳሳ፣ ከወንበር ለመነሣት የሰው እጅ መፈለግ ጀመሩ። ይቀንሳል የተባለው ሕመም ደግሞ ባሰ።

ይህን የምጽፈው «አልቋል» የሚለው ቃል ያደረሰውን ጉዳት በዓይኔ ስላየሁ ነው። የአክስቴ ሕመም በሕክምና ስሙ ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2019 ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖሩ ሰዎች 528 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ በ1990 ከነበረው ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። 60 በመቶዎቹ ሴቶች ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቃው ጉልበት ሲሆን ዳሌና የእጅ ጣቶችም አይቀርላቸውም።

ጉልበት ውስጥ ምን አለ?

የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙት ጉልበት ላይ ነው፤ ከፊት ደግሞ የጉልበት ሎሚ የምንላት አጥንት አለች። አጥንት ከአጥንት ጋር እንዳይፋተግ ጫፎቹ ልም አጥንት በሚባል ነጭ፣ ለስላሳና አንሸራታች ሽፋን ተለብጠዋል። ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። መገጣጠሚያውን እንደ ከረጢት የሚይዝ ሽፋን ዙሪያውን ከብቦታል፤ የከረጢቱ ገበርም ጥሬ የእንቁላል ነጭ የሚመስል ዝልግልግ ፈሳሽ ያመነጫል።

ፈሳሹ እንደ ዘይት ማለስለሱን ብዙ ሰው ያውቃል። ሌላው ሥራው ግን ከዚህ ይበልጣል። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ ስለዚህ ምግቡን ከደም ሳይሆን ከዚህ ፈሳሽ ያገኛል። አመጋገቡም እንደ ስፖንጅ ነው። ስንረግጥ ይጨመቅና ያረጀውን ፈሳሽ ይተፋል፤ እግራችንን ስናነሣ ይለቀቅና አዲሱን ይመጥጣል። በእግራችን ስንሄድ ልም አጥንታችን በየእርምጃው እየጎረሰ ነው ማለት ይቻላል። ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰው ግን ጉልበቱን እያስራበ ነው።

ሕመሙ ሲመጣ ምን ይለወጣል?

አብዛኞቻችን ጉልበትን የምናስበው እንደ መኪና ጎማ ነው፤ በሮጠ ቁጥር ይበላል፣ አንድ ቀን ክሩ ይወጣል፣ ያበቃል። ጎማ ግን ሕይወት የለውም። መገጣጠሚያ የሚመስለው የገበሬን መዳፍ ነው። መዳፉ በሠራ ቁጥር ይጠነክራል፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ይቆስላል፤ ጊዜ ሲያገኝ ደግሞ ይጠገናል። ልም አጥንትም በየጊዜው ይፈርሳል፣ ይታደሳል፤ ምንም እንኳን እድሳቱ በጣም ዘገምተኛ ቢሆንም።

ኦስቲዮአርትራይተስ የሚጀምረው መፍረሱ መታደሱን ሲቀድመው ነው። ልም አጥንቱ ልስላሴውን ያጣል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ይሳሳል። ከሥሩ ያለው አጥንት ሸክሙ ሲበዛበት ይደድራል፤ በጠርዙም ትንንሽ ጉጦች ያወጣል። የከረጢቱ ገበር ይቆጣል፣ ፈሳሽ ያበዛል፣ ጉልበት ያብጣል። በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎችም ሰውየው ከሕመም ሲሸሽ እየሰነፉ ይሄዳሉ። በዕድሜ የገፉ ሴቶች በጣቶቻቸው ጫፍ መገጣጠሚያዎች ላይ የሚያወጧቸው ጠጣር እብጠቶችም ብዙውን ጊዜ የዚሁ ሕመም ምልክት ናቸው፤ በዘርም ይወረሳሉ።

ልም አጥንት የሕመም ነርቭም የለውም። ስለዚህ የሚሰማን ሥቃይ የሚመጣው ከአጥንቱ፣ ከተቆጣው ገበር፣ ከጅማቱና ከደከመው ጡንቻ ነው። ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። የሳሳውን ልም አጥንት መልሶ የሚያበቅል መድኃኒት እስካሁን ባይገኝም፣ ሥቃዩን የሚያመጡትን ሌሎቹን ክፍሎች ማስታገስና ማጠንከር ይቻላል።

ራጁ መጥፎ ነው ከተባልኩስ?

ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው፤ ልም አጥንትን አያሳይም። ሐኪሙ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለውን ክፍተት አይቶ የልም አጥንቱን መሳሳት ይገምታል። ራጅና ሕመም ደግሞ ሁልጊዜ አይስማሙም። ራጃቸው የሚያስደነግጥ ሆኖ ተራራ የሚወጡ አዛውንት አሉ፤ ራጃቸው ምንም ሳያሳይ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጡም አሉ። የእንቅልፍ ማነስ፣ ጭንቀትና ብቸኝነት ሕመምን እንደሚያጎሉም የታወቀ ነው።

የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ በዚህ ምክንያት ይመስላል፣ ዕድሜው 45 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሲንቀሳቀስ የሚያመው፣ ጠዋት ሲነሣ መገጣጠሚያው ባይገትረው ወይም ቢገትረው ከ30 ደቂቃ የማያልፍበት ሰው ያለ ራጅ ሕመሙ ሊታወቅ እንደሚችል ይናገራል። ሐኪም «ራጅ አያስፈልግም» ሲላችሁ ችላ አላችሁ ማለት አይደለም።

ብርድ ነው? ሪህ ነው? ቁርጥማት ነው?

በእኛ አገር ለመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ እነዚህን ሦስት ስሞች እያፈራረቅን እንሰጣለን። መለየቱ ግን ሕይወት የሚያተርፍበት ጊዜ አለ።

ሐኪሞች ሪህ የሚሉት ዩሪክ አሲድ የተባለ ነገር በደም ውስጥ በዝቶ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ስኳር ቅንጣት ሲጠጥር የሚመጣውን ነው። ድንገተኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሌሊት የእግር አውራ ጣትን ያነድዳል፣ ያቀላል፣ አንሶላ እንኳን ሲነካው ያስጮኻል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ደግሞ የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን ሲያጠቃ የሚከሰት ነው፤ የሁለቱንም እጆች ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ይይዛል፣ የጠዋቱ መገተርም ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። ለእነዚህ ሁለቱ የየራሳቸው መድኃኒት ስላለ መዘግየት ያስከፍላል።

አንድ መገጣጠሚያ በድንገት ካበጠ፣ ከጋለ፣ ትኩሳትም ካለ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መሄድ ይገባል፤ በጀርም የተመረዘ መገጣጠሚያ በቀናት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ቀስ እያለ የሚያብጥ፣ ሌሊት የሚያስጨንቅ፣ ከክብደት መቀነስና ከላብ ጋር የሚመጣ ሕመምም መታየት አለበት፤ ቲቢ ከሳንባ አልፎ አጥንትና መገጣጠሚያን ሊይዝ ይችላልና። እንዲህ ያለውን ጉልበት ማሳሸት ወይም ማስጎተት አደገኛ ነው። ወጌሻ ዘንድ የሚሄድ ሰው ይህን አንድ ነገር እንዲያውቅ እለምናለሁ።

ብርድን በተመለከተ፣ ቅዝቃዜ ልም አጥንትን አያሳሳም። በክረምት ጡንቻና ጅማት ስለሚገታተሩ ሕመሙ ጎልቶ ሊሰማ ይችላል፤ ሙቀት ደግሞ ያፍታታል። ፍልውሃ ገብቶ የወጣ ሰው «ቀለለኝ» የሚለው እውነቱን ነው። የቀለለው ግን ጡንቻው ነው፤ በዚያ በቀለለው ሰዓት ጥቂት ቢራመድበት ጥቅሙ ይበረክታል።

ለምን እኔን?

ዕድሜ፣ የቤተሰብ ዘር፣ ሴትነት (በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ) በእጃችን ያሉ አይደሉም። በወጣትነት በእግር ኳስ ጅማቱ የተበጠሰ ጉልበትም ከዓመታት በኋላ ሊያስታውሰን ይችላል። ሥራም አለበት። ተንበርክኮ ወለል ማሸት፣ ቁጢጥ ብሎ ማጨድ፣ ከባድ ሸክም ይዞ ቁልቁል መውረድ ለብዙ ዓመት ሲደጋገሙ ጉልበትን ይጎዳሉ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችና በዓረብ አገር የሰው ቤት ወለል ተንበርክከው ሲያጸዱ የኖሩ እህቶቻችን ጉልበታቸውን ቢያማቸው «ገና በዚህ ዕድሜሽ?» ተብለው ሊናቁ አይገባም።

ክብደት ግን የምንለውጠው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የአሜሪካ ጥናት የጉልበት ሕመም ባለባቸው፣ ክብደታቸው የበዛ ሰዎች ላይ እንዳሳየው አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ያህል ይቀንስለታል። አምስት ኪሎ የቀነሰ ሰው ታዲያ በየእርምጃው የኩንታል አንድ አምስተኛ ከጉልበቱ ላይ አወረደ ማለት ነው።

ሩጫስ? «ሩጫ ጉልበት ይጨርሳል» የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎችን የያዘ የጥናቶች ግምገማ አልደገፈውም። ለጤናቸው ከሚሮጡት መካከል የጉልበት ወይም የዳሌ ኦስቲዮአርትራይተስ የተገኘባቸው 3.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ከማይሮጡት ግን 10.2 በመቶ ነበሩ። ለውድድር ከሚሮጡት መካከል ደግሞ 13.3 በመቶ ላይ ታይቷል። መሮጥ ብቻውን ይከላከላል ለማለት ይህ አይበቃም፤ ታላቁ ሩጫ ላይ መሳተፍ የሚፈልግ ጤነኛ ሰውን ለማስፈራራት ግን ምክንያት የለም።

እያመመኝ እንዴት ልንቀሳቀስ?

አክስቴም ይህንኑ ነበር የጠየቁት። የጠየቁት ግን ራጁን ያየውን ባለሙያ ሳይሆን አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ) ነበር። ልጅቷም «እማማ፣ በአማርኛ ጉልበት ማለት ሁለት ነገር ነው አይደል? እግርዎ ላይ ያለው ጉልበት የታመመው ሌላኛው ጉልበት ስላነሰው ነው» አለቻቸው። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም። የፊት የጭን ጡንቻ ለጉልበት እንደ መኪና ባሌስትራ ነው፤ መንገዱ ሲያነጥር ጫናውን የሚቀበለው እሱ ነው። ባሌስትራው ሲደክም ጫናው ሁሉ በቀጥታ አጥንት ላይ ያርፋል።

የሰጠቻቸው እንቅስቃሴ ምንም መሣሪያ አያስፈልገውም። አልጋ ላይ እግርን ዘርግቶ መቀመጥ፣ ነጠላ ወይም ፎጣ ጠቅልሎ ከጉልበት ሥር ማድረግ፣ ከዚያ በጉልበት ፎጣውን ወደ ታች ተጭኖ አምስት ሰከንድ መቆየት፤ አሥር ጊዜ። ቀጥሎ በጀርባ ተኝቶ አንዱን እግር አጥፎ ሌላውን ሳያጥፉ አንድ ስንዝር ያህል ማንሣትና ቀስ ብሎ ማውረድ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው። መጀመሪያ ትራስ በተደረገበት ከፍ ያለ ወንበር፣ በእጅ እየተደገፉ፤ ቆይቶ ያለ እጅ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል፤ በዚያ ላይ ደልዳላ መንገድ ላይ በእግር መሄድ፣ ከአሥር ደቂቃ ጀምሮ።

ሕመም ይኖራል። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት የሚተዉት ማንም ስላልነገራቸው ነው። ሕመማችሁን ከዜሮ እስከ አሥር ብትለኩት በእንቅስቃሴው ጊዜ እስከ አራት ቢደርስና በማግሥቱ ወደ ወትሮው ቢመለስ ጉዳት እየደረሰ አይደለም። በማግሥቱም ብሶ ከዋለ መጠኑን ቀንሱ እንጂ አትተዉት። ለውጡ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የጥናቶች ግምገማዎች እንደሚያሳዩት የዚህ ዓይነት እንቅስቃሴ ሕመምን የሚቀንሰው ከማስታገሻ ክኒን ባልተናነሰ መጠን ነው፤ ጨጓራን ሳያደማ።

ከደረጃ፣ ከስግደትና ከቁጢጥ ጋርስ?

ከመውጣት ይልቅ መውረድ የሚያመው የፊት የጭን ጡንቻ መላ ክብደታችንን እየያዘ ማውረድ ስላለበት ነው። ስትወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ስትወርዱ የታመመው ይቅደም። አክስቴ ይህን ካወቁ በኋላ ገበያውን በአንድ ከባድ ዘንቢል ሳይሆን በሁለት ቀላል ፌስታል ማምጣት ጀመሩ።

ዱላ የሚይዝ ሰው ብዙ ጊዜ በተሳሳተ እጅ ይይዛል። ቀኝ ጉልበት ከታመመ ዱላው በግራ እጅ ነው መሆን ያለበት፤ የታመመው እግር ሲራመድ ዱላውም አብሮ ይራመዳል። መቋሚያ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ለሚቆምም ሰው ደንቡ ይኸው ነው።

ጉልበት በጣም ሲታጠፍ፣ በተለይ ቁጢጥ ሲባል፣ በጉልበት ሎሚዋና በጭን አጥንቱ መካከል ያለው ጫና ይበረታል። ለቡና ማፍያው ከዝቅተኛ በርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ መቀመጫ፣ ለመጸዳጃ ቤቱ ደግሞ መቀመጫ ያለው ወይም የእጅ መደገፊያ የተገጠመለት ቢሆን ይረዳል። ስግደትን በተመለከተ የንስሐ አባትን ማማከር ነው፤ የታመመ ሰው እንደ አቅሙ እንዲያደርግ የሚመክሩ አባቶች ብዙ ናቸው። በእስልምናም መቆም ወይም መንበርከክ ያልቻለ ሰው ተቀምጦ እንዲሰግድ ተፈቅዶለታል። በሰሙነ ሕማማት ከአቅማቸው በላይ ሰግደው ሳምንት ሙሉ የሚተኙ እናቶችን አውቃለሁ፤ የሚያዝንላቸው እንጂ የሚመክራቸው አያገኙም።

መድኃኒትስ?

ለጉልበትና ለእጅ በመጀመሪያ የሚመከረው እንደ ዲክሎፌናክ ያለ ቅባት ነው፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ጉዳቱም ያንሳል። ዳሌ ግን ጥልቅ ስለሆነ ቅባት አይደርስበትም። ፓራሲታሞል ለዚህ ሕመም የሚያደርገው እርዳታ አነስተኛ ነው።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ክኒኖች ያስታግሳሉ፤ ነገር ግን ጨጓራን ሊያቆስሉና ሊያደሙ፣ ኩላሊትን ሊጎዱ፣ ደም ግፊትን ሊጨምሩ፣ የልብ ሕመም ላለበትም ሊያሰጉ ይችላሉ። «መርፌውን ልወጋ፣ ጨጓራዬን አይነካም» የሚባለው ስሕተት ነው፤ መድኃኒቱ በደም ዞሮ ጨጓራ ይደርሳል። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው የሚወስድበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። ግፊት፣ ኩላሊት ወይም የጨጓራ ቁስለት ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ ባይነካቸው ይሻላል።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ስቴሮይድ የሚባሉትን ፕሬድኒሶሎንንና ዴክሳሜታዞንን ያለ ትእዛዝ ገዝቶ መዋጥ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ተአምር የሠሩ ይመስላሉ፤ ወራት ሲቆጠሩ ግን አጥንት ያሳሳሉ፣ ስኳርና ግፊት ያመጣሉ፣ የሰውነትን መከላከያ ያደክማሉ። ለረጅም ጊዜ የወሰዳቸው ሰው በድንገት ማቆምም አደጋ ስላለው ሐኪም ሳያማክር አያቁም። ስሙና ይዘቱ የማይታወቅ «የሪህ ዱቄት» ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር ተደባልቆ ሊገኝ ይችላል።

ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የማይጠፋው፣ ለመገጣጠሚያ ይጠቅማል የሚባለው ግሉኮሳሚንስ? እ.ኤ.አ. በ2006 በ1,583 ሰዎች ላይ የታተመ የአሜሪካ ጥናት በጥቅሉ መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን የተለየ ውጤት አላገኘበትም። የአጥንት መረቅም ጥሩ ምግብ ነው፤ ሆድ ውስጥ ግን እንደማንኛውም ምግብ ይፈጫል እንጂ ጉልበት ውስጥ ገብቶ ልም አጥንት አይሆንም።

መርፌና ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ማን ነው?

ጉልበት ውስጥ የሚወጋ የስቴሮይድ መርፌ ሕመም በጠናበት ጊዜ ለሳምንታት ፋታ ይሰጣል። መደጋገሙ ግን ይታሰብበት። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት ለሁለት ዓመት በየሦስት ወሩ የተወጉ ሰዎች የጨው ውሃ ከተወጉት ይልቅ ልም አጥንታቸው ሳስቶ ተገኘ፤ በሕመማቸው ግን ልዩነት አልነበረም።

በቀጭን መሣሪያ ገብቶ ጉልበትን «ማጠብ» የሚባለውም በአንድ ወቅት በጣም ተወዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን 180 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ለከፊሎቹ ጉልበታቸው ታጠበ ወይም ተፋቀ፣ ለሌሎቹ ግን ቆዳቸው ብቻ ተቀዶ ተሰፋ፤ ማን ምን እንደተደረገለት ታማሚዎቹ አላወቁም። ከሁለት ዓመት በኋላ በሕመምም በመራመድም ልዩነት አልተገኘም። ለዚህ ሕመም ብላችሁ ለእጥበት ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አስቡ።

መገጣጠሚያውን በብረትና በፕላስቲክ መተካት ግን ሌላ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ለዳሌ የጀመረው ዘመናዊ ዘዴ ዛሬ ለጉልበትም ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ግምገማ ሙሉ በሙሉ ከተተኩ ጉልበቶች 82 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት እንደሚቆዩ ተገምቷል። በአዲስ አበባም ይሠራል፤ የሚተካው ዕቃ ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። ውሳኔው በራጅ ብቻ መሆን የለበትም። እንቅስቃሴውን በትጋት ሞክሮ፣ ክብደቱን ቀንሶ፣ መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ አሁንም ሕመሙ እንቅልፍ የሚነሣውና ከቤት እንዳይወጣ የሚያደርገው ሰው ነው ሊያስብበት የሚገባው። ቀጠሮ የያዘ ሰውም እነዚያን የወንበርና የፎጣ እንቅስቃሴዎች እስከዚያው አያቋርጥ፤ የተተካውንም ጉልበት የሚያቆመው የራሱ ጡንቻ ነውና፣ ከቀዶ ሕክምናው ማግሥት ጀምሮ ሐኪሙ የሚያዝዘው ያንኑ ከወንበር መነሣትና መራመድ ነው።